ኢቃማ ሲያልቅ መብት አያልቅም፦ ድሃ ስደተኛን የሚጠብቁ ሕጎችና የማይደርሱበት ምክንያት



በወሎም በጅማም በአርሲም በስልጤም «ልጄ አረብ አገር ናት» የሚል እናት ወይም አባት የሌለበት መንደር ማግኘት ይከብዳል። የምትልከው ገንዘብ ቤቱን ቆርቆሮ ያለብሳል፣ ወንድም ያስተምራል፣ የታመመ ያሳክማል። ደመወዟ ሲከለከል ወይም ተይዛ ስትታሰር ግን ቤተሰቡ አንገቱን ደፍቶ የሚለው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ወረቀት የላት፤ ምን መብት አላት?»

ይህን አባባል አሠሪውም ይለዋል፣ ደላላውም ይለዋል። እነሱ የሚሉት ስለሚጠቅማቸው ነው። እኛ የምንለው ግን ስለማናውቅ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አባባሉ በሕግ ፊት ስህተት መሆኑን ማስረዳት ነው። ከዚያ አልፎ፣ ሕጉ ካለ ለምን በልጆቻችን ላይ እንደማይደርስ፣ እንዲደርስስ ከቤተሰብና ከማኅበረሰብ ምን እንደሚጠበቅ በቅደም ተከተል እናያለን።

መብቱ የማን ነው?

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የሰብአዊ መብቶችን ሁለንተናዊ መግለጫ ያጸደቀው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 10 ቀን 1948 ነው። አገራችን ድጋፏን ሰጥታ ድምፅ ከሰጡት አንዷ ነበረች። ሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ ድምፅ ከመስጠት ታቀበች። መግለጫው ከባርነት ስለመጠበቅ፣ ለሠሩት ሥራ ተገቢ ክፍያ ስለማግኘት፣ ምግብን፣ መጠለያንና ሕክምናን ስላካተተ ኑሮ ሲናገር ባለመብቱን «ማንኛውም ሰው» ብሎ ነው የሚጠራው። ዜግነትን የሚያነሳው እንደ አገር አስተዳደር ተሳትፎ ባሉ ጥቂት ጉዳዮች ላይ ብቻ ነው።

መግለጫው በራሱ አስገዳጅ ውል አይደለም። አስገዳጅ የሆኑት እ.ኤ.አ. በ1966 የጸደቁት ሁለቱ ቃል ኪዳኖች ናቸው። አንዱ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች፣ ሌላው የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ቃል ኪዳን ይባላሉ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1993 ሁለቱንም ተቀብላለች። ከተቀባይ አገሮች መካከል ሊባኖስ፣ ኩዌት፣ ባሕሬንና ቀጠር የሁለቱም አባል ናቸው።

የኢኮኖሚ መብቶችን ቃል ኪዳን አፈጻጸም የሚከታተለው ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ማብራሪያ ጉዳዩን ግልጽ አድርጎታል። በቃል ኪዳኑ የተዘረዘሩት መብቶች ለሁሉም ናቸው፤ ስደተኛውም፣ ጥገኝነት ጠያቂውም፣ በሕገወጥ ዝውውር የተጎዳውም ሕጋዊ ሰነድ ኖረውም አልኖረውም ይካተታሉ።

ታዲያ መንግሥት ድንበሩን የመጠበቅ መብት የለውም ማለት ነው? አይደለም። አንድ አገር ማን እንደሚገባና ማን እንደሚቆይ ሊወስን ይችላል። ያለ ፈቃድ የገባን ሰው በሕግ አግባብ ወደ አገሩ ሊመልስም ይችላል። ሰዎች የሚያምታቱት እዚህ ላይ ነው። የመቆየት ፈቃድ ሌላ ነው፣ የተሠራበት ደመወዝ ሌላ ነው። ደመወዝ የሚመነጨው ከኢቃማ አይደለም፤ ከላብ ነው። ሥራው ከተሠራ ዕዳው ተፈጥሯል። ፈቃድ አልነበራትም ብሎ ሥራውን ወስዶ ክፍያውን ማስቀረት አይቻልም።

ፍርድ ቤቶች ምን አሉ?

ይህ የእኛ ምኞት እንዳይመስል ሁለት ውሳኔዎችን እንጥቀስ። የመጀመሪያው የኢንተር አሜሪካ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2003 የሰጠው የምክር አስተያየት ነው። ሜክሲኮ የጠየቀችው ሰነድ የሌላቸው ሠራተኞች መብት አላቸው ወይ ብላ ነበር። ፍርድ ቤቱ፣ ሰው ሥራ ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ የሠራተኛ መብት እንደሚኖረውና የመኖሪያ ሰነድ ማጣት ይህን መብት ለመንፈግ ምክንያት ሊሆን እንደማይችል አስታውቋል። ውሳኔው በአሜሪካ አህጉር የተሰጠ ቢሆንም የሕጉን መንገድ ያመለክታል።

ሁለተኛው በግሪክ፣ ማኖላዳ በምትባል አካባቢ ከደረሰ ጉዳይ የመጣ ነው። በእንጆሪ እርሻ ላይ የሚሠሩ የባንግላዴሽ ስደተኞች ለወራት ሳይከፈላቸው ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2013 ደመወዛቸውን ሲጠይቁ የእርሻው ጠባቂዎች ተኩሰው ብዙዎችን አቆሰሉ። ሠራተኞቹ የሥራ ፈቃድ አልነበራቸውም። ከእነሱ 42ቱ ጉዳዩን ወደ አውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ወሰዱት። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 የደረሰባቸው የግዳጅ ሥራ መሆኑንና ግሪክም ልትጠብቃቸው ሲገባ እንዳልጠበቀቻቸው ወሰነ፤ ካሳም እንዲከፈላቸው አዘዘ።

በዚህ ውሳኔ ውስጥ ለእኛ ትልቅ ትምህርት አለ። «ወደው ነው የገቡት» የሚለው መከራከሪያ አልሠራም። ሰው ሥራውን ሲጀምር ወዶ ቢሆንም፣ አሠሪው ችግሩንና ወረቀት አልባነቱን ተጠቅሞ እንዳይወጣ ካደረገው ሥራው የግዳጅ ሥራ ይሆናል። «ማን ሂጂ አላት?» እያልን በራሳችን ልጆች ላይ የምንፈርድ ሰዎች ይህን ልብ ልንለው ይገባል።

የትኛው አገር በየትኛው ሕግ ታስሯል?

ስደተኛ ሠራተኞችን በቀጥታ የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 18 ቀን 1990 የጸደቀው የስደተኛ ሠራተኞችና የቤተሰቦቻቸው መብቶች ኮንቬንሽን ነው። ዓለም አቀፍ የስደተኞች ቀን በየዓመቱ በዚህ ቀን የሚከበረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ኮንቬንሽኑ በሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ነው። ሰነድ ለሌለውም ጭምር የሚሰጣቸው ጥበቃዎች ግልጽ ናቸው፦

• ፓስፖርትንና መታወቂያን ከሕጋዊ ባለሥልጣን በቀር ማንም ሊወስድ አይችልም።
• በጅምላ ማባረር የተከለከለ ነው፤ የእያንዳንዱ ሰው ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት።
• የሚባረር ሰው ከመውጣቱ በፊት ወይም ከወጣ በኋላ ያልተከፈለውን ደመወዝ የሚጠይቅበት ዕድል ሊሰጠው ይገባል።
• ሕይወትን ለማዳን የሚያስፈልግ አስቸኳይ ሕክምና በሰነድ እጦት ምክንያት አይከለከልም።
• የስደተኛ ልጅ ትምህርት ቤት የመግባት መብቱ በወላጆቹ ወረቀት አይወሰንም።

ችግሩ ስምምነቱን ያጸደቁት በአብዛኛው ሠራተኛ ላኪ አገሮች መሆናቸው ነው። ከባሕረ ሰላጤው ስድስት አገሮች አንድም አላጸደቀውም። ሠራተኛ የሚቀበሉ ሀብታም የምዕራብ አገሮችም እንዲሁ። በእኛ ልጆች የስደት መንገድ ላይ ካሉት ግብፅና ሊቢያ አባል ናቸው፤ ይሁን እንጂ የሊቢያን ማጎሪያ ያየ ሰው ፊርማና ተግባር ምን ያህል እንደሚራራቁ ያውቃል።

ይህ ማለት ግን ሳዑዲ ዓረቢያ ወይም ኤምሬትስ በምንም ሕግ አይገደዱም ማለት አይደለም። ሁለቱም የ1966ቱን ቃል ኪዳኖች ባይቀበሉም በሌሎች ስምምነቶች ታስረዋል። የዘር መድልዎን የሚከለክለውን፣ ማሠቃየትን የሚከለክለውን፣ የሴቶችንና የሕፃናትን መብት የሚጠብቁትን ኮንቬንሽኖች ተቀብለዋል። ሳዑዲ ዓረቢያ የግዳጅ ሥራን የሚከለክለውን የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ኮንቬንሽን ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ከዚህም በላይ የባርነትና የማሠቃየት ክልከላ የተፈረመ ውል ይኑር አይኑር ማንኛውንም መንግሥት የሚያስገድድ የዓለም አቀፍ ልማዳዊ ሕግ ክፍል ነው።

የቤት ሠራተኞችን በተመለከተ የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ቁጥር 189 የተባለውን ኮንቬንሽን አውጥቷል። ሠራተኛዋ የምትረዳው ውል እንዲኖራት፣ በሳምንት ቢያንስ ተከታታይ 24 ሰዓት እንድታርፍ፣ ፓስፖርቷ በእጇ እንዲሆን፣ የኤጀንሲ ክፍያ ከደመወዟ እንዳይቆረጥ ይደነግጋል።

በአገሮቹ ውስጥ ያለው ሕግ

ብዙዎቻችን «አረብ አገር ለቤት ሠራተኛ ሕግ የለም» ብለን እናምናለን። ይህ የዛሬ 20 ዓመት ለእውነት የቀረበ ነበር። ዛሬ ግን ነገሩ ተቀይሯል።

ኩዌት እ.ኤ.አ. በ2015 ለቤት ሠራተኞች ብቻ የሚሆን ሕግ (ቁጥር 68) አወጣች። ሳምንታዊ ዕረፍት፣ የዓመት ፈቃድና ሥራ ሲያልቅ የሚከፈል የአገልግሎት ክፍያ በሕጉ አሉ። ቀጠር እ.ኤ.አ. በ2017 የቤት ሠራተኞች ሕግ አወጣች። ከመጋቢት 2021 ጀምሮ ደግሞ በወር 1,000 ሪያል ዝቅተኛ ደመወዝ ያስቀመጠች ሲሆን የቤት ሠራተኞችንም ይመለከታል። ኤምሬትስ የ2017ቱን ሕጓን እ.ኤ.አ. በ2022 በአዲስ ተክታለች። ሳዑዲ ዓረቢያ የቤት ሠራተኞችን ከዋናው የሥራ ሕጓ ውጭ አድርጋ በተለየ ደንብ ታስተዳድራለች። እ.ኤ.አ. በ2024 በሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ደንብ የሥራ ሰዓትን በቀን ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ ይገድባል፤ በሳምንት 24 ሰዓት ዕረፍትም ያዛል። ውሎች የሚመዘገቡት «ሙሳነድ» በሚባለው የመንግሥት መድረክ ነው።

ሊባኖስ ግን ከዚህ ሁሉ ወደ ኋላ የቀረች ናት። የ1946ቱ የሥራ ሕጓ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ጨርሶ ያስወጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 የተሻለ የውል ቅጽ ቢዘጋጅም በዚያው ዓመት በፍርድ ታገደ። በዚያው ዓመት የአገሪቱ ገንዘብ ሲወድቅ አሠሪዎች ደመወዝ ሳይከፍሉ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችን ቤይሩት በሚገኘው ቆንስላችን በር ላይ እያወረዱ ሲሄዱ ዓለም በምስል አይቶታል። ሕግ የማይጠብቀው ሠራተኛ ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የሚጣለው እሱ ነው።

ስለዚህ ከሊባኖስ በስተቀር ዋናው ጥያቄ «ሕግ አለ ወይ?» የሚለው አይደለም። ጥያቄው «ሕጉ ከተዘጋው በር ጀርባ እንዴት ይግባ?» የሚለው ነው።

ድህነት በሩን እንዴት ይዘጋዋል?

የሕግ መጽሐፍ ሀብታሙንና ድሃውን እኩል ያስቀምጣቸዋል። ኑሮ ግን እኩል አያስቀምጣቸውም። ዱባይ የሚሠራ የውጭ አገር መሐንዲስም ስደተኛ ነው፤ ደመወዙ ሲዘገይ ጠበቃ ይይዛል፣ ካልተስማማው ትኬት ቆርጦ ይሄዳል። የእኛ ልጅ ይህን ማድረግ የማትችለው ሕጉ ስለከለከላት አይደለም፤ አራት ነገሮች ስላሰሯት ነው።

አንደኛው ዕዳ ነው። ከቤት የወጣችው በሬ ተሸጦ፣ መሬት ተይዞ ወይም ከዘመድ ተበድራ ነው። ያለ ገንዘብ መመለስ ማለት ለቤተሰቡ ኪሳራ ነው። ስለዚህ ያልተከፈላትን ሦስት ወር «አራተኛው ላይ ይከፍሉኛል» እያለች ትጠብቃለች። አሠሪውም ይህን ያውቃል።

ሁለተኛው ወረቀቱ በሌላ ሰው እጅ መሆኑ ነው። የመኖሪያ ፈቃዷ የታሰረው ከአሠሪዋ ከከፊሉ ጋር ነው። ከቤቱ ከወጣች «ጠፍታለች» ብሎ ያስመዘግባታል፤ በሳዑዲ «ሁሩብ» የሚባለው ይህ ነው። በዚያች ቀን የተበደለችዋ ሴት በመዝገብ ላይ ጥፋተኛ ሆና ትገኛለች። ክስ ልታቀርብ ፖሊስ ጣቢያ ብትሄድ የምትያዘው እሷ ናት።

ሦስተኛው ብቸኝነት ነው። ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ሰው አጠገቡ ምስክር አለው። ቤት ውስጥ የምትሠራ ሴት ምስክሮቿ የአሠሪዋ ቤተሰቦች ናቸው። የሥራ ተቆጣጣሪም የግለሰብ ቤት ገብቶ አያይም። ቋንቋ ሲጨመርበት፣ ስልክ ሲወሰድባት፣ ዓለሟ አራት ግድግዳ ብቻ ይሆናል።

አራተኛው የፍትሕ ዋጋ ነው። ክርክር ወራት ይፈጃል። በእነዚያ ወራት የት ትተኛለች? ምን ትበላለች? ለቤት ምን ትልካለች? ብዙዎች አሸናፊ የሚያደርጋቸውን ክስ ትተው «ደመወዜ ይቅር፣ ብቻ ኹሩጅ ምቱልኝ» የሚሉት ለዚህ ነው። መብት በነፃ ይሰጣል፤ መብትን ማስከበር ግን ስንቅ ይጠይቃል።

በባሕር የገቡት ወንድሞችና እህቶች ሁኔታ ደግሞ ከዚህ ይከፋል። በኦቦክ ወይም በቦሳሶ ተሻግረው፣ ጦርነት ላይ ባለችው የመን አልፈው ሳዑዲ የደረሱት ገና ከመጀመሪያው ውል የላቸውም። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2013 ጀምሮ በተካሄደው የማባረር ዘመቻ በጥቂት ወራት ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ከዚያም በኋላ ማባረሩ በየጊዜው ቀጥሏል። ከእነዚህ መካከል ወራትና ዓመታት የሠሩበትን ሳይቀበሉ፣ በለበሱት ልብስ ብቻ ቦሌ የወረዱ ብዙ ናቸው። አንዲት ልጅ ስትመለስ ደመወዟ አሠሪው ጋ ይቀራል፣ ዕዳው ግን ቤቷ ይጠብቃታል።

«ከፋላ» የሚለው ቃል

እዚህ ላይ በሕዝባችን ዘንድ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ይህ የከፊል ሥርዓት የእነሱ ሸሪዓ አይደለም ወይ?» ሊቃውንት በፊቅህ ኪታቦች ውስጥ «ከፋላ» ብለው የሚያብራሩት ዋስትናን ነው፤ አንድ ሰው ለሌላው ዕዳ ወይም መቅረብ ኃላፊነት መውሰዱን ማለት ነው። በሱረቱ ኣሊ ዒምራን ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) መርየምን ማሳደጉ የተገለጸውም በዚሁ ቃል ሥር ነው። በሁሉም ዘንድ ሸክሙ የሚወድቀው በዋሱ ላይ ነው። የተያዘለትን ሰው ፓስፖርት መቆለፍ፣ ከሥራ ወደ ሥራ እንዳይሄድ ማገድ፣ ደመወዙን መያዝ በዚህ ትርጉም ውስጥ ቦታ የለውም። ዛሬ የምናውቀው የከፊል ሥርዓት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከነዳጁ ሥራ ጋር የተስፋፋ የአስተዳደር ደንብ ነው። ደንብ በመሆኑም ይሻሻላል። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 የብዙ ዘርፍ ሠራተኞች አሠሪ እንዲቀይሩ የፈቀደችው ለዚህ ማሳያ ነው፤ የሚያሳዝነው የቤት ሠራተኞች በዚያ ማሻሻያ አለመካተታቸው ነው።

በተቃራኒው የሠራተኛ ክፍያ ጉዳይ በዲናችን የጠነከረ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ላቡ ሳይደርቅ ለሠራተኛ ክፍያውን መስጠትን ያዘዙበት ሐዲስ በኢብኑ ማጃህ ተዘግቧል። በቡኻሪ በተዘገበ ሐዲስ ቁድስይ ደግሞ በቂያማ ቀን አላህ ራሱ ተከራካሪ የሚሆንባቸው ሦስት ዓይነት ሰዎች ተጠቅሰዋል። አንዱ ሠራተኛ ቀጥሮ ሥራውን በሙሉ ከተቀበለ በኋላ ክፍያውን የከለከለ ነው። ሌላው ነፃ ሰው ሸጦ ዋጋውን የበላ ነው። የመጀመሪያው አሠሪውን ይመለከታል። ሁለተኛውን ግን ከእኛው መንደር ተነስተው ልጆች የሚያሻግሩ ደላሎች ሊያስቡበት ይገባል።

የአገራችን ሕግ የሰጠን መሣሪያ

ሪያድ ወይም ቤይሩት ያለ አሠሪን ከሐርቡ ወይም ከአጋሮ ሆኖ መክሰስ ለድሃ ቤተሰብ የማይታሰብ ነው። ብዙ ቤተሰቦች የማያውቁት ግን የአገራችን ሕግ እዚሁ አገር ውስጥ የሚጠየቅ አካል ያስቀመጠ መሆኑን ነው።

የኢትዮጵያ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 እና ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 1246/2013 ናቸው። በእነዚህ መሠረት ሠራተኛ የሚልክ ኤጀንሲ ፈቃድ ሊኖረውና የገንዘብ ዋስትና ሊያስይዝ ይገባል። የውሉ ግዴታ ሲጣስ ኤጀንሲው ከአሠሪው ጋር በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ነው። «በአንድነትና በነጠላ» የሚለው የሕግ ቃል በቀላሉ ሲብራራ፣ ተበዳዩ ሙሉውን ዕዳ ከሁለቱ ከፈለገው ላይ መጠየቅ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ አሠሪው ሪያድ ቢሆንም ኤጀንሲው አዲስ አበባ አለ።

ሕጉ ወጪንም ከፋፍሏል። የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ወጪ የአሠሪው ነው። ሠራተኛዋ የምትከፍለው እንደ ፓስፖርትና የጤና ምርመራ ያሉትን የራሷን ሰነዶች ወጪ ነው። ከዚህ ውጭ «ለቪዛ» ወይም «ለትኬት» ተብሎ የሚጠየቅ ገንዘብ ሕጋዊ መሠረት የለውም። ከላይ የተናገርነው ዕዳ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ግን ከዚሁ ክፍያ ነው።

ዕድሜዋ 18 ዓመት ያልሞላ ልጅም ለዚህ ሥራ መላክ የለባትም። መምህር በነበርኩባቸው ዓመታት ከክፍል ድንገት ስለጠፋች ተማሪ ስንጠይቅ ጓደኞቿ «ፓስፖርት አውጥታለች» ይሉን ነበር። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ዕድሜ ከክፍሉ መዝገብ ጋር እንደማይገናኝ ሁላችንም እናውቃለን። ዕድሜዋን የጨመረላት ሰው ወደ ሥራ እንድትገባ የረዳት ይመስለዋል፤ በእርግጥ ግን በልጅነቷ ሊጠብቃት የሚችለውን ሕግ ነው የወሰደባት።

በደላላ ለሄዱት ደግሞ በሰው መነገድንና ሰውን በሕገወጥ መንገድ ማሻገርን የሚቀጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 አለ። የአዋጁ ዒላማ ነጋዴውና አሻጋሪው ነው፤ ተጎጂው ድጋፍና ጥበቃ የሚያስፈልገው ሰው ተደርጎ ነው የሚታየው። «ራሴ በሕገወጥ ስለሄድኩ ብናገር እታሰራለሁ» ብሎ ዝም ማለት የሚጠቅመው ደላላውን ብቻ ነው።

ቤተሰብና ማኅበረሰብ ምን ያድርግ?

ከላይ ካየነው በመነሳት መብትን ከወረቀት ወደ እጅ የሚያመጡት ትናንሽ ነገሮች ናቸው። ክስ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ በማስረጃ እጦት ነው።

ከመሄድ በፊት። ኤጀንሲው ፈቃድ እንዳለው ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ወይም ከአካባቢው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ይጣራ። ውሉ በምትረዳው ቋንቋ ይነበብላት። የውሉ፣ የፓስፖርቱና የቪዛው ፎቶ በቤተሰብ ስልክ ላይ ይቀመጥ። ለኤጀንሲ ወይም ለደላላ የተከፈለ ገንዘብ ካለ ያለ ደረሰኝ ወይም ያለ ምስክር አይከፈል።

እዚያ ስትደርስ። የአሠሪው ሙሉ ስም፣ ስልክና የቤቱ አድራሻ በመጀመሪያው ሳምንት ለቤተሰብ ይላክ፤ የቤቱን መገኛ በስልክ መላክ ይቻላል። ሥራ የተጀመረበት ቀን ይጻፍ። በየወሩ ስንት እንደተከፈላት የድምፅ መልእክት እንኳ ቢሆን ለቤተሰብ ትላክ፤ ቤተሰቡም አይሰርዘው። ደመወዝ በባንክ ወይም በተመዘገበ መንገድ ቢሆን ይመረጣል። የላከችበት የሐዋላ ደረሰኝም እስከየትኛው ወር እንደተከፈላት ለማሳየት ይረዳል።

ችግር ሲመጣ። ከቤት ከመውጣት በፊት ለኤጀንሲው፣ ለቆንስላው ወይም ለአገሩ የሥራ ሚኒስቴር ማሳወቅ ከተቻለ አሠሪው «ጠፋች» ለሚለው ክስ መልስ ይሆናል። ሕይወቷ ወይም ክብሯ አደጋ ላይ ከሆነ ግን ቅድሚያ ሕይወትን ማዳን ነው። መረጃው በኋላ ይደርሳል።

ስትያዝ። የታሰረ የውጭ ዜጋ የአገሩ ቆንስላ እንዲነገርለት የመጠየቅ መብቱ በ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ኮንቬንሽን ላይ ሰፍሯል። ለቆንስላው ሠራተኛ «መመለስ እፈልጋለሁ» ብቻ ሳይሆን «ይህን ያህል ወር አልተከፈለኝም፤ አሠሪዬ እገሌ ነው» ብላ ታስመዝግብ። ከተቻለ እዚያ ለሚቀር ታማኝ ሰው ውክልና ትስጥ።

ከተመለሰች በኋላ። አቤቱታውን ማዘግየት መብትን ያሳጣል። በሕጋዊ መንገድ የሄደች ከሆነ በኤጀንሲው ላይ ለሚኒስቴሩ አቤት ትበል። ጠበቃ ለመያዝ አቅም ለሌላት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው በርካታ ዩኒቨርሲቲዎችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው። ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አቤቱታ ማቅረብም ይቻላል።

በመስጂድና በጀመዓ ደረጃም የምንሠራው አለ። በየመስጂዱ አንድ ወይም ሁለት ሰው ተመድቦ የሚሄዱትን ልጆች ውል ቢያነብላቸውና ሰነዳቸውን ቢያስቀምጥላቸው ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ብዙ በደል ግን ያስቀራል። በዘካ ከሚረዱት ስምንት ወገኖች መካከል በዕዳ የተያዙና መንገድ የቀረባቸው ተጓዦች መኖራቸውን እናውቃለን። ከስደት ባዶ እጇን ተመልሳ በዕዳ የተያዘች እህት ከየትኛው ወገን እንደምትመደብ የየአካባቢው ዑለማዎች ቢያብራሩ፣ ፍትሕ ለመጠየቅ የሚያስፈልገው ስንቅ ከዚሁ ሊገኝ ይችላል።

በመጨረሻ

ስደት በእኛ ታሪክ አዲስ ነገር አይደለም። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባልደረቦች ከመካ ሸሽተው ወደ ሐበሻ ሲመጡ የያዙት ወረቀት አልነበረም። ሊወስዷቸው የመጡት የቁረይሽ መልእክተኞች ግን ስጦታ ይዘው ነበር። ነጃሺ የተሰዳጆቹን ቃል ሰማ፤ ከሰማ በኋላም ስጦታውን መለሰ እንጂ አሳልፎ አልሰጣቸውም። ዛሬ የዓለም አቀፍ ሕግ በብዙ አንቀጾች የሚጠይቀው በመሠረቱ ይህንኑ ነው፦ የተሰደደው ሰው ይሰማ፣ ጉዳዩ ለብቻው ይታይ፣ የሠራበት ይከፈለው።

ቀጥሎ የሚደወልልን ስልክ «አልከፈሉኝም» የሚል ከሆነ መልሳችን «ወረቀት የለሽ፣ ምን መብት አለሽ?» አይሁን። «ከየትኛው ወር ጀምሮ? አሠሪሽ ማን ይባላል? ውሉ እኛ ጋ አለ» እንበላት።

አላህ በስደት ያሉትን ወንድሞቻችንንና እህቶቻችንን ይጠብቅልን፤ ሐቃቸውንም ያስመልስላቸው። ኣሚን።

ወላሁ አዕለም።